«ራሙ ሞልቷል» ከማለታችሁ በፊት፦ የዊንዶውስን ሜሞሪ እንዴት እናነባለን?

ላፕቶፕ ሲንቀረፈፍ የሁላችንም ምርመራ አንድ ነው፤ «ራሙ ሞልቷል»። ከዚያ ወይ ራም ማጽጃ ይጫናል፣ ወይ ራም ይገዛል። አንዳንዴ ምርመራው ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሞላ የሚመስለው ራም ሥራውን በአግባቡ እየሠራ ያለ ራም ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። የሚያስፈልጉት ቁጥሮች ዊንዶውስ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የትኛውን እንደምታዩ ማወቅ ብቻ ነው። መመሪያው ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው። ማክ እና ሊኑክስ ላይም መሠረታዊ ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው፤ መስኮቶቹና ዝርዝሩ ግን ይለያሉ።

መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው

ራም (ኮምፒውተሩ አሁን የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) ፈጣን ነው፣ ዲስክ (ፋይሎች የሚቀመጡበት) ዘገምተኛ ነው። ምን ያህል? ከራም አንድ ነገር ለማንበብ 100 ናኖሰከንድ ገደማ ይበቃል። ከኤስኤስዲ (ከማይሽከረከረው አዲሱ ዲስክ) ከሆነ ወደ 100 ማይክሮሰከንድ ይጠጋል፤ ሺህ እጥፍ መሆኑ ነው። በሚሽከረከረው ሀርድ ዲስክ ደግሞ 10 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይሄዳል፤ መቶ ሺህ እጥፍ።

ስለዚህ ሲስተሙ (ዊንዶውስ) አንዴ ከዲስክ ለፍቶ ያመጣውን ነገር ቶሎ አይጥልም። ፕሮግራሙን ብትዘጉትም ፋይሎቹን ራም ውስጥ ያቆያቸዋል፤ ምናልባት ትመለሱበት ይሆናላ! ካሽ የምንለው ይሄንን ነው። ሌላ ፕሮግራም ቦታ ሲጠይቅ ካሹ ወዲያው ይለቃል። ቅጂው ዲስኩ ላይ ስላለ መጣሉ ምንም አያከስርም። የሰፈር ባለሱቅ ስኳርና ሳሙናውን እጁ የሚደርስበት ቦታ ይደረድራል እንጂ መደርደሪያውን ባዶ አድርጎ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ጓዳ አይመላለስም። ባዶ ራምም እንደ ባዶ መደርደሪያ ነው፤ ማንንም አያፈጥንም።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር ፔጅ ነው። ሲስተሙ ሜሞሪን የሚያከፋፍለው በ4 ኪሎባይት ቁራጭ ነው፤ አንዱ ቁራጭ ፔጅ ይባላል። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ የሆነ ሰፊ ሜሞሪ የተሰጠው ይመስለዋል። የትኛው ፔጅ የምር ራም ላይ እንዳለ፣ የትኛው ዲስክ ላይ እንደተቀመጠ የሚያውቀው ሲስተሙ ብቻ ነው። ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው አትላስ የተባለ ኮምፒውተር ትንሽና ፈጣን ሜሞሪውን ከትልቅና ዘገምተኛ ከበሮ መሰል ማግኔታዊ ማከማቻ ጋር አቀናጅቶ ለፕሮግራሞቹ አንድ አስመስሎ ያሳያቸው ነበር። ዛሬ ጠረጴዛችሁ ላይ ያለው ላፕቶፕም የሚሠራው በዚያው ስልት ነው።

1. ታስክ ማናጀርን ክፈቱ

ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫኑ። የሚመጣው መስኮት ትንሽ ከሆነ ከታች «ሞር ዲቴይልስ» የሚለውን ንኩ። ከዚያ «ፐርፎርማንስ»፣ ቀጥሎ «ሜሞሪ»።

ይህን የምታደርጉት ኮምፒውተሩ ሲንቀረፈፍ ይሁን። ተከፍቶ ሥራ ሳይጀምር ያለው ቁጥር ብዙም አይነግራችሁም። በየቀኑ የምትከፍቷቸውን ነገሮች ሁሉ ክፈቱ፤ ክሮሙም፣ ኤክሴሉም፣ ቴሌግራሙም። ቁጥሩን ከዚያ በኋላ እዩት።

2. አራቱን ቁጥሮች አንብቡ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው።

8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ እንውሰድ። ከ8ቱ ላይ ትንሽ ለሃርድዌሩ ተቀንሶ 7.8 ቀርቷል እንበል። ስክሪኑ ላይ እንዲህ ይላል፦ ኢን ዩዝ 6.0፣ አቬይለብል 1.7፣ ካሽድ 1.6፣ ኮሚትድ 9.2/12.8።

«ኢን ዩዝ» ፕሮግራሞቹና ሲስተሙ ራሱ አሁን የያዙት ነው። አጠገቡ በቅንፍ ያለችው ትንሽ ቁጥር የተጨመቀው መጠን ናት። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በ2015 ከመጣ ወዲህ ሲስተሙ ብዙም ያልተነኩ ፔጆችን ወደ ዲስክ ከመላኩ በፊት እዚያው ራም ውስጥ ይጨምቃቸዋል። መጭመቁ ፕሮሰሰሩን ትንሽ ያሠራዋል፤ ዲስክ ድረስ ሄዶ ከመመለስ ግን በብዙ ይሻላል። ያቺ ቁጥር መኖሯ ችግር አይደለም።

«አቬይለብል» ዋናው ቁጥር ነው። አንድ ፕሮግራም አሁን ሜሞሪ ቢጠይቅ ወዲያው ሊሰጠው የሚችለው መጠን ይሄ ነው። ልብ በሉ፤ ባዶ ማለት አይደለም። በምሳሌያችን ከ1.7ቱ ውስጥ የምር ባዶው 0.2 ብቻ ሊሆን ይችላል። የቀረው 1.5 ካሽ ነው።

ይህን በዓይናችሁ ለማየት ከታች «ሜሞሪ ኮምፖዚሽን» የሚለውን ሰንጠረዥ እዩ። በአራት ክፍል የተከፈለ ነው፤ ማውሱን ብታስጠጉበት የየክፍሉን ስም ይነግራችኋል። የመጀመሪያው ኢን ዩዝ ነው። ሁለተኛው ቀጭኑ «ሞዲፋይድ» ይባላል፤ ተቀይሮ ገና ዲስክ ላይ ያልተጻፈ ነገር ነው። ሦስተኛው «ስታንድባይ» ካሹ ነው፤ ሲፈለግ ይለቃል። የመጨረሻው «ፍሪ» የምር ባዶው። አቬይለብል ስታንድባይና ፍሪ ተደምረው ነው። ካሽድ ደግሞ ስታንድባይና ሞዲፋይድ።

ፍሪው ዜሮ አካባቢ ሆኖ ስታንድባዩ ወፍራም ከሆነ ኮምፒውተራችሁ ጤነኛ ነው። ብዙ ሰው የሚደነግጠው ግን እሱን አይቶ ነው።

«ኮሚትድ» ላይ በኋላ እንመለሳለን።

3. ካሹን ሲሠራ እዩት

ይሄ ግዴታ አይደለም፤ ግን ደስ ይላል። ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ። የካሽድን ቁጥር ያዙ። ከዚያ ከበድ ያለና እምብዛም የማትጠቀሙበትን ፕሮግራም ክፈቱ፤ የቪዲዮ ኤዲተር ወይም ትልቅ ጌም ቢሆን ጥሩ ነው። እስኪከፈት የሚወስደውን ጊዜ ልብ በሉ፤ ከዚያ ዝጉት።

ኢን ዩዝ ወደ ነበረበት ይወርዳል። ካሽድ ግን ከፍ ብሎ ይቀራል። ያንኑ ፕሮግራም እንደገና ክፈቱት። አሁን ላፍ ብሎ ይከፈታል፤ በተለይ ኮምፒውተሩ ያለው አሮጌው ሀርድ ዲስክ ከሆነ ልዩነቱ ዓይን ያወጣ ነው።

እምብዛም የማትጠቀሙበት ይሁን ያልኩት በምክንያት ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ሲስሜይን የሚባል አገልግሎት አለ። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ነበር፤ ያኔ ሱፐርፌች ይባል ነበር። አዘውትራችሁ የምትከፍቷቸውን ፕሮግራሞች ያጠናና ሳትጠይቁት ቀድሞ ራም ውስጥ ያዘጋጃቸዋል። ስለዚህ የዘወትር ፕሮግራማችሁ ገና ሳትነኩት ካሽ ውስጥ ገብቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ሲስሜይንን አጥፉ የሚል ምክር በየቪዲዮው ሞልቷል። ራም በጣም ያነሰውና ሀርድ ዲስክ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ማጥፋቱ አንዳንዴ ዲስኩን ያሳርፈዋል። ሌላው ላይ ግን እኔ ባትነኩት እላለሁ።

4. እጥረቱ እውነተኛ መሆኑን አረጋግጡ

ከታስክ ማናጀሩ ሜሞሪ ገጽ ላይ «ሪሶርስ ሞኒተር»ን ክፈቱ። እዚያ «ሜሞሪ» የሚለውን ስትነኩ «ሀርድ ፎልትስ» የሚል ግራፍ ታገኛላችሁ። ስሙ ያስደነግጣል እንጂ ብልሽት ማለት አይደለም። አንድ ፕሮግራም የፈለገው ፔጅ ራም ውስጥ ጠፍቶ ከዲስክ መምጣት ነበረበት ማለት ብቻ ነው። አዲስ ፕሮግራም ስትከፍቱ ቁጥሩ ዘሎ ይወጣል፤ ያ የተለመደ ነው። ከዚያ መውረድ አለበት።

የማይወርድ ከሆነ ነው ችግሩ። አዲስ ነገር ሳትከፍቱ፣ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ስትሄዱ ብቻ በሰከንድ መቶዎች እየመታ ከቆየ፣ አቬይለብሉም ከጥቂት መቶ ሜጋባይት በታች ከወረደ፣ ዲስኩም 100 ፐርሰንት ላይ ተቸክሎ ከቀረ፣ በቃ ራም አጥሯችኋል። ፕሮግራሞቹ የሚፈልጉት ሁሉ አንድ ላይ ራሙ ውስጥ አይገባም። ሲስተሙ አንዱን ያስወጣል፣ ሌላውን ያስገባል፣ ወዲያው ያስወጣው ይፈለጋል። ኮምፒውተሩ ሥራ ትቶ ዕቃ ሲያመላልስ ይውላል ማለት ነው። ፒተር ዴኒንግ የተባለው የኮምፒውተር ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1968 የተነተነው ችግር ነው። መፍትሔውም ያው ነው፦ ባንድ ጊዜ የሚሠራውን መቀነስ ወይም ራሙን መጨመር።

ሦስቱ ምልክቶች ባንድ ላይ ካልታዩ ግን ኪሳችሁን አትንኩ። መንቀርፈፉ ምናልባት ከሀርድ ዲስኩ፣ ከሙቀት ወይም ከኢንተርኔቱ ነው።

5. ኮሚትድን እዩ፣ ፔጅ ፋይሉንም አትንኩት

ኮሚትድ ሁለት ቁጥር አለው፤ በምሳሌያችን 9.2/12.8። የመጀመሪያው ሲስተሙ ለፕሮግራሞች የገባው ቃል ነው። ፕሮግራም ሜሞሪ ሲጠይቅ የጠየቀውን ሁሉ ወዲያው አይጠቀምበትም፤ ቃሉ ግን ይቆጠራል። ሁለተኛው የቃሉ ጣሪያ ነው፤ ራሙና ዲስኩ ላይ ያለው ፔጅ ፋይል (ከራም የሚወጡ ፔጆች የሚቀመጡበት ፋይል) ተደምረው።

የመጀመሪያው ቁጥር ጣሪያውን ሲነካ ፕሮግራሞች ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሊዘጉ፣ የክሮም ታቦች ሊሰናከሉ ይችላሉ። ይሄ አቬይለብል የተረፈ ራም እያሳየም ሊሆን ይችላል። «ራሙ ግማሹ እያለ ለምን ጌሙ ጠፋብኝ?» ለሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱ ይሄ ነው።

ኤስኤስዲው እንዳያልቅ ወይም ፍጥነት ይጨምራል ተብለው ፔጅ ፋይሉን የሚያጠፉ አሉ። አታጥፉት። የጠፋ ከመሰላችሁ ስታርት ላይ «አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ» ብላችሁ ፈልጉ። ፐርፎርማንስ ሥር ያለውን «ሴቲንግስ» ንኩ፣ ቀጥሎ «አድቫንስድ»፣ ከዚያ ቨርችዋል ሜሞሪ ሥር «ቼንጅ»። ከላይ «ኦቶማቲካሊ ማኔጅ» ብሎ የሚጀምረው ሳጥን ምልክት ይኑርበት። ሪስታርት አድርጉ።

አንድ ነገር ላክል። ፔጅ ፋይሉ ሲያስፈልግ ያድጋል፤ ለማደግ ግን ቦታ ይፈልጋል። እኛ ጋ ሲ ድራይቩ ጠባብ፣ ዲ ድራይቩ ሰፊ ተደርጎ የተከፈለ ኮምፒውተር ብዙ ነው። ሲ ቀይ ሆኖ ሞልቶ ሳለ ራም ላይ ማማረር ዋጋ የለውም። ቢያንስ 15 እና 20 ጊጋባይት አስለቅቁለት።

6. በላተኛውን ያዙት

ታስክ ማናጀር ላይ «ፕሮሰስስ» ግቡና «ሜሞሪ» የሚለውን ርዕስ ንኩ፤ ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደረደራል። ክሮም ከላይ ቢቀመጥ አትገረሙ። እያንዳንዱን ገጽና ኤክስቴንሽን ለየብቻው ስለሚያስኬድ ነው፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ። የትኛው ታብ እንደበላ ለማወቅ ክሮም ውስጥ ሆናችሁ ሺፍትና ኢስኬፕን ተጫኑ፤ የራሱን ታስክ ማናጀር ይከፍታል። ሴቲንግ ውስጥ «ፐርፎርማንስ» ሥር «ሜሞሪ ሴቨር» አለ፤ አብሩት። የተዋችኋቸውን ታቦች ያስተኛቸዋል። ኤጅም ተመሳሳይ አለው።

ከመጠን በላይ መብላት አንድ ነገር ነው፣ መፍሰስ ሌላ። ጠዋት 300 ሜጋባይት የነበረ ፕሮግራም ምንም ሳትሠሩበት ከሰዓት 2 ጊጋባይት ከደረሰ እያፈሰሰ ነው፤ የወሰደውን አይመልስም። ዘግታችሁ ክፈቱት፣ አዲስ ቨርዥን ካለው አዘምኑት። ከፕሮግራሞቹ አንዱም ሳይጨምር ኢን ዩዝ እያበጠ ከሄደ ደግሞ ሜሞሪ ገጹ ላይ «ነን ፔጅድ ፑል»ን (ወደ ዲስክ ሊወጣ የማይችለውን የሲስተሙና የድራይቨሮች ሜሞሪ) እዩ። እሱ ጊጋባይት እየቆጠረ ከወጣ የሚያፈስሰው ድራይቨር (ሃርድዌርን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) መሆኑን ጠርጥሩ።

እዚህ ጋ «አጥፍቼ አበራሁት፣ አልተሻለውም» የሚል ይኖራል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ። እሱ ከበራ «ሸት ዳውን» ስትሉ የሲስተሙ እምብርት አይዘጋም፤ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ስታበሩት ያው ይመለሳል፣ ድራይቨሮቹም አብረው። የምር የሚያጸዳው «ሪስታርት» ነው።

ከዚያ «ስታርትአፕ አፕስ» ገብታችሁ ሲበራ አብረው የሚነሱትን የማትፈልጓቸውን ዲሴብል አድርጉ። አንቲቫይረሱን ተዉት።

7. ራም ማጽጃውን አስወግዱ

እነዚህ ፕሮግራሞች የሚያደርጉት ቀላል ነው። እያንዳንዱን ፕሮግራም የያዘውን ፔጅ ልቀቅ ይሉታል። ፔጆቹ ወደ ስታንድባይና ሞዲፋይድ ይገፋሉ፣ ኢን ዩዝ ይወርዳል፣ ስክሪኑ ላይ «2 ጊጋባይት ተለቀቀ» ይላል። ከዚያ ወደ ኤክሴላችሁ ስትመለሱ የተገፋውን ሁሉ መልሶ መሰብሰብ ይጀምራል። ካሹንም ጭምር የሚያጠፉ አሉ፤ እነሱ ይብሳሉ። ቁጥሩ አምሮ ኮምፒውተሩ ይዘገያል።

አንድሮይድ ስልክ ላይ አፖቹን በየደቂቃው ጠርጎ መዝጋትም ከዚህ አይለይም። አንድሮይድ ሜሞሪ ሲያጥረው ራሱ ይዘጋቸዋል። እናንተ ስትዘጓቸው ግን ቀጥሎ ሲከፈቱ ከዜሮ ይጀምራሉ፤ ባትሪውም ይሄዳል።

8. ገና ያልተጻፈውን አትርሱት

ካሽ ለማንበብ ብቻ አይደለም። ፋይል ስታስቀምጡም መጀመሪያ የሚያርፈው ራም ላይ ነው፤ ያ ሞዲፋይድ ያልነው ዓይነት። ዊንዶውስ በየሰከንዱ እየነቃ ከተጠራቀመው ስምንተኛ ያህሉን ወደ ዲስክ ለመጻፍ ይወስዳል። በዚያች መሀል መብራት ከሄደ ያልተጻፈው አብሮ ሄደ። ዴስክቶፕ ያላችሁ፣ ወይም የላፕቶፓችሁ ባትሪ የሞተ፣ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ከምንም ራም በፊት ግዙ።

ፍላሽም እንደዚሁ። ከዊንዶውስ 10 የኦክቶበር 2018 (እ.ኤ.አ.) ዝመና ወዲህ ተነቃይ ዲስኮች ፈጥነው እንዲነቀሉ ተደርገው ይመጣሉ፤ ጽሑፉ አይጠራቀምባቸውም። ቢሆንም ኮፒው ሳያልቅ መንቀል አያድንም። ጠቃሚ ፋይል ከሆነ «ኢጀክት» ብሎ መንቀል ሁለት ሰከንድ ነው።

9. የግድ ከሆነ ራም ጨምሩ

አራተኛው ደረጃ እጥረት ነው ካለ፣ ስድስተኛውም ካላዳነ፣ መግዛት ነው። ከመውጣታችሁ በፊት «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «አባውት» ገብታችሁ «ሲስተም ታይፕ»ን እዩ። 32 ቢት የሚል ከሆነ ያ ዊንዶውስ ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም፤ 16 ብትከቱበትም የሚጠቀመው ያንኑ ነው። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ከሆነ ዳታችሁን አስቀምጣችሁ 64 ቢቱን እንደ አዲስ መጫን ነው፤ ባለበት አይቀየርም።

ሜሞሪ ገጹ ላይ «ስሎትስ ዩዝድ» ስንት ቀዳዳ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይነግራችኋል። 1 ኦፍ 2 ካለ ደስ ይበላችሁ፤ አንድ መጨመር ይበቃል። ሁለት መሆናቸው በራሱም ይረዳል፤ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱም ባንዴ ያነባል። የራም ትውልዶች የሆኑት ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 አይተካኩም፤ የመሀል ክፍተታቸው ስለሚለያይ አይገቡምም። ዲዲአር3 እና ዲዲአር3ኤል ግን አንድ መስለው ያሳስታሉ። የመጀመሪያው በ1.5 ቮልት፣ ሁለተኛው በ1.35 ነው የሚሠራው፤ 1.35 ብቻ የሚቀበል ላፕቶፕ ተራውን አይወድም። የሚያዋጣው ያለውን ራም ነቅሎ ሱቅ ይዞ መሄድ ነው። ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ሊሆን ይችላል፤ ያ አይጨመርም።

በጀቱ ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ ምርጫዬ ይሄ ነው፦ 8 ጊጋባይትና ሀርድ ዲስክ ያለው ኤስኤስዲ ያስቀድም። 4 ጊጋባይትና ኤስኤስዲ ያለው ራም ያስቀድም።

ከገጠማችሁ በኋላ እዚያው ሜሞሪ ገጽ ላይ «ሀርድዌር ሪዘርቭድ»ን እዩ። አብሮ የተሠራ ግራፊክስ ስለሚወስድ መቶዎች ሜጋባይት መያዙ ያለ ነው። ከአዲሱ ራም ግማሹን ከያዘ ግን ምናልባት በደንብ አልተቀመጠም፤ አጥፉና፣ ባትሪውን አላቅቁና፣ ነቅላችሁ መልሱት። በመጨረሻ ስታርት ላይ «ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» ብላችሁ ፈልጉና ፈተናውን አስጀምሩት። ሪስታርት አድርጎ ራሱ ይፈትሻል። ስህተት አገኘሁ ካለ ራሙን ለሻጩ መልሱ።